የአርባ አንድ ገጽ

ባለ ጡቧ የተሰባበሩትን ሁለት ባለ ጥርስ የማሽን ጊሮች በማዳበሪያ አሸክማ ስትደርስ እታለም ሽርጧን ገና እያሰረች ነበር። ሴትዮዋ ከከተማው ዳር ጡብ ታስመርታለች። ቁመቷ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ብዙም አይበልጥም፣ ድምፅዋ ግን መንገድ ተሻግሮ ይሰማል።

«እታለም፣ ድረሽልኝ! ጭቃ ማቡኪያዬ ቀጥ ብሎ ቆመ። አሥራ አራት ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ጭቃው ደግሞ አይጠብቀኝም፣ እየደረቀብኝ ነው።»

«ቁጭ በይ እስቲ። መጀመሪያ ትንፋሽሽን ሰብስቢ።»

እታለም የወጣላት ስም አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እንዲያ ብሎ ጠራት፣ አባቷ ተቀበሉት፣ ሰፈሩ ተከተለ። አሁን በአርባ ስድስት ዓመቷ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት ሰው ቢመጣ ሌላ ሰው የጠራ መስሏት ዝም ትላለች።

ስብርባሪውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና እንደ ተሰበረ ሳህን ገጣጠመችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጥርስ በጥርስ ቆጠረች። ትንሹ ሃያ፣ ትልቁ አርባ።

«ለዚህ ነዋ የሞተው» አለች።

«ምን ሆኖ?»

«ሃያ አርባ ውስጥ ልክ ሁለቴ ይገባል። ስለዚህ ይቺ ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ የምታገኘው እነዚያን ሁለቱን ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠጠር ገብቶ ተሸረፈች እንበል፤ በዞረች ቁጥር እነዚያኑ ሁለቱን ትነክሳለች፣ ሌላ አታውቅም።»

«እንደኔ ባል በይኛ!» አለች ባለ ጡቧ። «እሱም ከኔ ሌላ የሚነክሰው የለውም።»

እታለም ሳቀች። «እኔ አሥራ ዘጠኝና አርባ አንድ አደርግልሻለሁ። ድምሩ ያው ስድሳ ነው፣ በዘንጎቹ መሀል ያለው ርቀት አይነካም። ቁጥሮቹ ግን አይዛመዱም። እያንዳንዷ ጥርስ ሁሉንም በተራ ታዳርሳለች፤ አንዷ ብትሸረፍ ጉዳቱ በሁሉም ላይ ይበተናል።»

«ፍጥነቱስ?»

«በጣም ጥቂት ይቀንሳል። ጭቃ ነው የምታቦኪው፣ ባቡር አይደለም የምትነጂው።»

በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ጥርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእታለም አባት ናቸው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጥርስ ሲቆርጡ ኖረው አሁን አፋቸው ውስጥ የቀሩት አራት ብቻ ናቸው፤ በዚህ መጀመሪያ የሚቀልዱት ራሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ከደፈረሰ ሦስት ዓመት አልፎታል። ጊሮች አይዛመዱ የሚለውን ሕግ እታለም የሰማችው ከሳቸው ነው።

«ልክ ነሽ» አሉ። «አሥራ ዘጠኝና አርባ አንድ።»

ይህ «ልክ ነሽ» ለእታለም ትልቅ ነገር ነበር። በዚያ ሳምንት ዓርብ የቤቱ የሥራ ፈቃድ ይታደሳል፤ አባቷ ከእንግዲህ ማሽን ላይ መቆም ስለማይችሉ ስሙ መዛወር አለበት። ወደ ማን እንደሚዛወር ማንም አልተናገረም። እሷ ግን ከራሷ ጋር ጨርሳዋለች። ሃያ አራት ዓመት እዚያ ማሽን ላይ ቆማለች። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮላት ሁለቱንም ጊዜ አባቷ «ሥራው ይቅለል እስቲ» ብለው መልሰዋል፤ ሥራው አልቀለለም፣ ሽማግሌም ሦስተኛ አልመጣም። በዓለም ላይ የምትፈልገው አንድ ነገር ቢኖር በበሩ ላይ ያለው ስም የሷ እንዲሆን ነው። ሲጠይቋት «የኔ ቤት ነው» ማለት።

የዚያን ዕለት ባለ ጡቧ ብረታ ብረት ተራ ስትዞር ውላ ሁለት ድፍን ክብ ብረት ይዛ መጣች፤ ትልቁን ያገኘችው በስንት ልመና ነው። እታለም ሁለቱንም ቶርኖ በሚሉት ብረት መቅረጫ ላይ ጠምዳ በልካቸው አለሰለሰቻቸው። በማግስቱ ጠዋት ጥርሳቸውን ልትቆርጥ ማሽኑን ስታጸዳ ወንድሟ ገባ።

ማሙሽ ይሉታል። ሆዱ ከቀበቶው አልፎ፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ፣ የሦስት ልጆች አባት ሆኖም ማሙሽ ነው። የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ ነበር፤ ሱቁ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል።

«እታለምዬ! ዛሬም ጥርስሽን ስታፋጪ አገኘሁሽ።»

«ምን እግር ጣለህ?»

«አባባ ጠርተውኝ ነው።»

ጋሽ ጥርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህ ሲያደርጉ የሚናገሩት ነገር ተዘጋጅቶ ያደረ ነው። «ይህን ሥራ ማሙሽ ይቆርጠዋል» አሉ። «ልጅ ሳለ አስተምሬው ነበር፤ እጁ ይፍታታ። ዓርብ ፈቃዱ በስሙ ይሆናል።»

እታለም በእጇ የያዘችውን ቡርሽ አላስቀመጠችም።

«እኔስ?»

«አንቺማ አለሽ። እንደ ወትሮሽ ትሠሪያለሽ። ምን ይጎድልብሻል?»

«ስም።»

«ወረቀት ነው እኮ» አለ ማሙሽ። «እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን?»

«ልዩነት ከሌለንማ በኔ ይሁን።»

ማሙሽ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ባለ ጡቧም ጊሮቹን ልትጠብቅ መጥታ ስለነበር በመሀል ገብታ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ማንም ይቁረጠው፣ ብቻ ዛሬ ይቁረጠው!» አለች። ነገሩ በዚያ ተዳፈነ። እታለም ወደ ኋላ ሄዳ በውሃ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች። አልወጣችም። ማሽኑን ጥላ መውጣት አልሆነላትም።

ጥርስ የሚቆረጠው እንዲህ ነው። ብረቱ ማካፈያ በሚሉት ዕቃ ላይ ይታሰራል። ማካፈያው በጎኑ እጀታ አለው፤ እጀታው አርባ ጊዜ ሲዞር ብረቱ አንድ ጊዜ ይዞራል። ከእጀታው ሥር ቀዳዳዎች በክብ በክብ የተደረደሩበት ሰሌዳ አለ፤ ከክቦቹ የሚመረጠው ቀዳዳው የጥርሱን ቁጥር ያህል የሆነው ነው። አንድ ጥርስ በቆረጥክ ቁጥር እጀታውን ይህን ያህል ዙርና ይህን ያህል ቀዳዳ ታስኬደዋለህ፣ መሰኪያውን ትተክላለህ፣ ቀጣዩን ትቆርጣለህ። ለየትኛው ጥርስ ስንት ዙርና ስንት ቀዳዳ እንደሆነ ደግሞ በደብተሩ ተጽፏል። ጋሽ ጥርሱ ሙያውን ካስተማሯቸው ጌታ የወረሱት፣ ቅባት ጠጥቶ የወረቀቱ ቀለም የሻይ ቀለም የሆነ ደብተር ነው።

እታለም ያንን ደብተር ከማንም የበለጠ ታውቀዋለች። ከትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረችው፤ ቁጥር አጻጻፍ እጇ የገባው ከዚያ ደብተር ስትገለብጥ ነው። ሰባቷ እንደ አባቷ ሰባት አንገቱን ይሰብራል፣ ዘጠኟ እንደ አባቷ ዘጠኝ ሆዱ ጠባብ ነው።

ማሽን ላይ በቆመችበት በመጀመሪያው ዓመት ባለ ሃያ ሰባት ጥርስ ቆርጣ ነበር። ደብተሩ አንድ ዙርና አሥራ አራት ቀዳዳ ይላል። እንዳለው አደረገች፤ የመጨረሻው ጥርስ ስንጥር ሆኖ ቀረ። ሌላ ቆረጠች፣ እሱም ያው ሆነ። ሦስተኛው ሲበላሽ አባቷ ብረቱን ወደ ውጭ ወርውረው በሰው ፊት «እጅሽ አይቆጥርም!» አሏት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀና ብላ አልሄደችም።

እልኸኛ ናት፤ አልተወችውም። አባቷ ለምሳ በገቡ ቁጥር በኖራ እየሠመረች እጀታውን አዞረች። ብረቱ አንዴ የሚዞረው በአርባ ዙር መሆኑን ያወቀችው ያኔ ነው። አርባን ለሃያ ሰባት፤ አንድ ይደርሳል፣ አሥራ ሦስት ይተርፋል። አሥራ አራት አይደለም፣ አሥራ ሦስት ነው! ሌሎቹንም ገጾች በዚያው መንገድ አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው፤ ሁሉም አንድ ቀዳዳ ይበልጣሉ። አባባ ሲጽፉ መሰኪያው ያለበትን ቀዳዳ አንድ ብለው ቆጥረውት ነው፣ አለች በልቧ። አባቷ መቀሱን፣ ማለት ቀዳዳውን የሚለኩበትን ሁለቱን የሰሌዳ ክንዶች ሲያስተካክሉ ሁልጊዜ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ነው። ሥራቸው ግን ተበላሽቶ አያውቅም። እጃቸው ያውቃል፣ ደብተራቸው ተሳስቷል ብላ ደመደመች።

እና ዝም አለች። ሃያ ሦስት ዓመት ዝም አለች። ሽማግሌ አባቷን «ደብተርዎ ከዳር እስከ ዳር ስህተት ነው» ብላ እንዴት ታሳፍራቸው? በልቧ እየቀነሰች ሠራች። ደብተሩ ላይ የሌለ ቁጥር ሲመጣ ራሷ አካፍላ ባዶ ገጽ ላይ ጻፈችው፤ ያውም ልክ ልኩን። አርባ አንድ ከነዚያ አንዱ ነው። ጌትየውም አባቷም ቆርጠውት አያውቁም ነበር።

ማሙሽ የአሥራ ዘጠኝን ገጽ ገለጠ። እታለም ከጀሪካኑ ላይ ሆና አየችው። ሁለት ዙርና ሦስት ቀዳዳ ይላል። አሁን ያበላሻል፣ አለች፤ ከዚያ እነሳና ቀስ ብዬ ለብቻው እነግረዋለሁ፣ አባባ ሳይሰሙ።

ማሙሽ መቀሱን ከፈተ። ሁለት ቀዳዳ።

ተነስታ ቀረበች። «ሁለት ነው ያደረግከው።»

«አዎ።»

«ደብተሩ ሦስት ይላል።»

«ይበል እንጂ፤ አንድ መቀነስ ነው እኮ።»

«ማን ነገረህ?»

«አባባ ናቸዋ! አሥር ዓመቴም አልሞላ። ሌባ ደብተሩን ቢወስድ እንዳይጠቅመው ሁሉም ላይ አንድ አንድ ተጨምሮበታል፣ የሳቸው ጌታም እንዲያ ነበር የሚጽፉት ብለውኛል። ያኔ ምሥጢር ስለነገሩኝ ኩራቴ!» ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ያየውን አልወደደውም። «ምነው፣ ላንቺ አልነገሩሽም?»

እታለም ወደ በሩ ዞረች። ጋሽ ጥርሱ በማያይ ዓይናቸው መንገዱን የሚያዩ መስለው ተቀምጠዋል።

«አባባ።»

«እ።»

«ሦስት ብረት ሳበላሽ ቆመው እያዩኝ ነበር።»

«ታዲያ በራስሽ ደረስሽበት አይደል? ይኸው ከሁሉም በልጠሽ ወጣሽ።»

«እጅሽ አይቆጥርም አሉኝ። በሰው ፊት።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተናገሩ፣ ድምፃቸው ግን አልለዘበም። «ሴት ልጅ ሰው ቤት ትገባለች። ሙያችንን ይዘሽልኝ ብትሄጂስ?»

«የት ሄድኩ?»

«ያኔ ማን ያውቃል።»

«ከዚያ በኋላስ? ሃያ አራት ዓመት እኮ ነው አባባ!»

«ከቆየ በኋላማ ምን ብዬ ልጀምረው?» አሉና በርጩማቸውን ወደ ፀሐይ አዞሩ።

ሌላ ምን ይባላል? ሃያ ሦስት ዓመት የሳቸውን ኀፍረት ስትሸፍን የኖረች መስሏት ነበር። የሚሸፈን ኀፍረት አልነበረም። ቁልፍ ነበር። ቁልፉ ደግሞ የተበጀው ለሌባ ነው፤ እሷም ከሌቦቹ አንዷ ነበረች።

ተመልሳ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጠች።

ማሙሽ ትንሹን ጊር እስከ ምሳ ሰዓት ጨረሰው። እጁ ዘገምተኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም፤ አሥራ ዘጠኙ ጥርስ ልክ ገጠመ። ባለ ጡቧ በመዳፏ እያገላበጠች «ይኸዋ! ወንድ ልጅ ማለት» አለችና ምሳዋን ልትበላ ሄደች። ከምሳ በኋላ ትልቁ ብረት ታሰረ። ማሙሽ የአርባ አንድን ገጽ ገለጠ።

ገጹ አርባ ቀዳዳ ይላል። የእታለም አርባ፤ እውነተኛው አርባ። ማሙሽ አርባ አንድ ቀዳዳ ያለውን ክብ መረጠ፣ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፣ መቀሱን አስተካከለ። ሠላሳ ዘጠኝ።

እታለም አየችው።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ያ ገጽ የኔ ነው፣ አትቀንስ» ብትል ከአምስት ቃል አያልፍም። ቃሉ እዚህ ድረስ መጥቶ ጥርሷ ላይ ቆመ። ማሽኑ ተነሳ። ማሙሽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የብረቱ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል። አሥር ላይ ሲደርስ አሁንም መናገር ትችል ነበር፤ ብረቱ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥርሶች ወዲያ ሞቷል። ሃያ ላይ ባለ ጡቧ ተመልሳ መጣችና ቁጥሩን አብራ ትቆጥር ጀመር፤ እንደ ሰርግ ዘፈን በእጇ እያጀበች። ሠላሳ ላይ እታለም ራሷን አቀረቀረች። የሴትዮዋ ደስታ ነው ያስቸገራት።

«አርባ! አርባ አንድ!» አለ ማሙሽ። ማሽኑን አጠፋ። ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?»

በመጨረሻውና በመጀመሪያው ቁርጥ መሀል ሁለት ጥርስ የሚያህል አንድ ወፍራም ጥርስ ቆሟል።

ጋሽ ጥርሱ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። በጣታቸው ዙሪያውን ሄዱበት፤ ወፍራሙ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ስንት ቀዳዳ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ። ደብተሩ አርባ ይላል፣ አንድ ቀነስኩ።»

«አርባ አንድ እኔ መቼ ጻፍኩ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጀሪካኑ አዞሩ።

«እኔ ነኝ» አለች እታለም። «ልክ የሆነውን ነው የጻፍኩት።»

«ደብተሬን አበላሸሽው!» አሉ።

እንዲያ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ያሰበችው እሱን ነው። ልክ የሆነውን ቁጥር ጽፋ አበላሸሽ ተባለች።

ባለ ጡቧ ግን ጉዳዩ ቀስ እያለ ሲገባት ጣቷን ወደ እታለም ቀሰረች። «አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ እያየሽ ነበር?»

«እያየሁ ነበር።»

«እኔ ሳጨበጭብ?»

እታለም ወንድሟ ላይ፣ አባቷ ላይ የነበራት መልስ ሁሉ እዚህች ሴት ላይ አይሠራም። ይህች ሴት ምንም አላደረገቻትም።

«አሥራ አራት ሰው» አለች ባለ ጡቧ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። «የናንተን የቤት ጣጣ በኔ ብረት ላይ ነው የተወጣሽው።»

ሌላ ትልቅ ብረት እስኪገኝ ሁለት ቀን ፈጀ። ፈላጊዋ እታለም ራሷ ነበረች፤ ከአንዱ ሻጭ ወደ ሌላው ስትንከራተት ዋለች። አገኘች፣ አለሰለሰች፣ አርባ ቀዳዳ አድርጋ ቆረጠች። አባቷም ወንድሟም አልነበሩም፤ ዓርብ ስለነበር ፈቃዱን ሊያዛውሩ ሄደዋል። ሁለቱን ጊሮች አገናኝታ በእጇ ስታዞራቸው እንደ ቅቤ ሄዱ። ባለ ጡቧ ተቀብላት «እግዜር ይስጥልኝ» ሳትል ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር አለች።

«እጅሽማ ወርቅ ነው» አለች። «ሌላ ቤት እፈልጋለሁ።»

ሰኞ ጠዋት እታለም ሽርጧን አላሰረችም። መኖሪያዋ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ናት፤ መሀላቸው ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ስለሆነ ሁሉም ይሰማታል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብሶቿን ታጣጥፋለች። ማጠፍ እንጂ ወዴት እንደምትይዛቸው አላወቀችም። ጥርስ የሚቆረጥበት ሌላ ቤት ከተማው ውስጥ ሁለት ብቻ ነው፤ ሁለቱም ጋ «ያቺ ዝም ብላ ያስበላሸችው» የሚለው ወሬ ቀድሟታል።

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ተነሳና ጠፋ። እንደገና ተነሳና ጠፋ። ማሙሽ በሩን አንኳኳ።

«እታለም፣ አንድ ነገር። ባለ ሠላሳ ሦስት ነው። ደብተሩ አንድ ዙርና ሰባት ቀዳዳ ይላል። ይሄ ያንቺ ነው የአባባ? ልቀንስ ወይስ አልቀንስ?»

ሸሚዙን አጠፈች። እጅጌውን ወደ ውስጥ አስገባች።

«ኧረ እህቴ፣ አታኩርፊ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

«አባባን ጠይቃቸው።»

«እሳቸውማ ጽሑፉ አይታያቸው።»

«እኔ ምን ላድርግ?»

እግሩ ሲርቅ ሰማች፤ ቀጥሎ የሁለቱን ንግግር፣ የደብተሩን ገጽ መገላበጥ፣ የአባቷን በርጩማ መንቋቋት። ሽማግሌው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ያ ሃምሳ ዓመት ሰው ሲያዝዝ የኖረ ድምፃቸው በቆርቆሮው አልፎ መጣ።

«ቀንስ!»

አርባን ለሠላሳ ሦስት፤ አንድ ይደርሳል፣ ሰባት ይተርፋል። እታለም ሌላ ሸሚዝ አነሳች። ማሽኑ ተነሳ።